ሦስት የሥራ ቀን፦ የቻርለስተኑ ሽጉጥ እንዴት ተሸጠ

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ኤፕሪል 11 ቀን 2015። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ዌስት ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ አንድ ወጣት የመሣሪያ ሱቅ ገባ። 21 ዓመት ከሞላው ስምንተኛ ቀኑ ነው። የፈለገው ግሎክ 41 የሚባል ባለ 45 ካሊበር ሽጉጥ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ የሚሸጠው 21 ዓመት ለሞላው ሰው ብቻ ነው። ልጁ ለአቅመ ሽጉጥ የደረሰው ገና ከሳምንት በፊት ነበር ማለት ነው።

መታወቂያውን አሳየ። ፎርም ሞላ። ሻጩ ስሙን ወደ ኤፍቢአይ ላከ። የመጣው መልስ «ይቆይ» የሚል ነበር። ሽጉጡ ሱቁ ውስጥ ቀረ፤ ልጁም ባዶ እጁን ወጣ።

ሐሙስ ኤፕሪል 16 ሽጉጡን ተረከበ። በመሐሉ «ይሰጠው» ያለ አንድም የመንግሥት ሰው አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ በዚሁ ሽጉጥ፣ በዚያው ግዛት ቻርለስተን ከተማ ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ዘጠኝ ሰው ገደለ።

ስለ ቻርለስተን ግድያ ብዙ ተብሏል። ስለ ዘር ጥላቻው ተብሏል፤ የሟቾቹ ቤተሰቦች በሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤት ቆመው ይቅር እንዳሉትም ተብሏል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይህ ሽያጭ የሚቆምበት አጋጣሚ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ መጥቶ ነበር። የገዳዩን ስም አልጠራም። ጉዳዩን ለመረዳት ስሙ አያስፈልገንም።

«ይቆይ» ማለት ምን ማለት ነው?

አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች ዘንድ ይህ ነገር «ባክግራውንድ ቼክ» በሚለው ስሙ ነው የሚታወቀው። አብዛኛው ሰው ኮምፒውተር የሚሠራው ነገር ይመስለዋል፤ ስም ይገባል፣ አረንጓዴ ወይ ቀይ ይበራል፣ አለቀ። እውነትም ከአሥሩ ገዢ ዘጠኙ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ያገኛል። የቀረው ግን ሰው እጅ ላይ ይወድቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገዢው 4473 የሚባለውን ፎርም ይሞላል። ነጋዴው የገዢውን መረጃ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው የኤፍቢአይ ማዕከል ይልካል። (አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ፖሊስ ያጣራሉ፤ ሳውዝ ካሮላይና ግን በቀጥታ ኤፍቢአይን ነው የምትጠይቀው።) ማዕከሉ የወንጀል መዝገቦችን፣ የሚፈለጉ ሰዎችን ዝርዝርና መሣሪያ እንዳይሸጥላቸው የተከለከሉ ሰዎችን ዝርዝር ያያል። ከዚያ ከሦስት መልስ አንዱ ይመጣል፦ ይቀጥል፣ ይከልከል፣ ይቆይ።

«ይቆይ» የሚባለው መዝገቡ ላይ አንድ ነገር ኖሮ ነገሩ ግን ካልጠራ ነው። ሰው ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ክሱ ምን ላይ እንደደረሰ ግን አልተጻፈም። ያን ጊዜ አንድ የማዕከሉ ሠራተኛ ሰነዱን ፍለጋ ለፖሊስ ጣቢያ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለዐቃቤ ሕግ ይጽፋል፣ ይደውላል፣ ፋክስ ያደርጋል። ለዚህ ሦስት የሥራ ቀን አለው። ሦስቱ ቀን ካለፈና መልስ ካልመጣ ሕጉ ነጋዴውን «ከፈለግህ ሽጥ» ይለዋል። ልብ በሉ፣ «ሽጥ» ብሎ አያስገድደውም። ዎልማርት ለምሳሌ ግልጽ መልስ ካልመጣ አልሸጥም የሚል የራሱ ደንብ አለው፤ ያወጣውም ከቻርለስተን ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ሌላው ነጋዴ ግን መሸጥ ይችላል፤ ብዙውም ይሸጣል።

አንድ ወዳጄ ዳላስ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለው። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። በሁለተኛው ዘረፋ ማግስት ሽጉጥ ልገዛ ብሎ ሄደና «ዲሌይ» ተባለ። ማታ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ስሜ ተበላሽቷል እንዴ? ምን አድርጌ ነው?»

ምንም አላደረገም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መግዛት ይችላል፤ ግን የኢሚግሬሽን መዝገቡም አብሮ ስለሚታይ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ደግሞ የእኛ ስም ነገር አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ ሌላ ዓይነት ይጻፋል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። በየጊዜው «ይቆይ» የሚባል ሰው የጣት አሻራውን ልኮ ከኤፍቢአይ ልዩ መለያ ቁጥር ማውጣት ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ቀኑ ሲሞላ ሱቁ ደወለለት። «መልስ አልመጣም፣ ግን ቀኑ አልቋል፤ መጥተህ ውሰድ» አሉት። ወዳጄ እንደገና ደወለልኝ።

«አለፍኩ ማለት ነው?»

አላለፍክም፣ አልወደቅክምም፤ ማንም አልመለሰልህም አልኩት። ለደቂቃ ያህል ዝም አለ። እሱ ንጹሕ ሰው ነው፤ ሲዘገይበት መናደዱም ተገቢ ነው። ግን በዚያው በር ሌላ ሰውም እንደሚገባ ያን ቀን ነው በደንብ የገባን።

ሦስት ቀን የሚለው ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ላይ በተተኮሰ ጊዜ የፕሬስ ጸሐፊያቸው ጄምስ ብሬዲ ጭንቅላቱን ተመታ። ተረፈ፤ ግን ቀሪ ዕድሜውን አካል ጉዳተኛ ሆኖ ኖረ። እሱና ባለቤቱ ሣራ ለዓመታት ከታገሉ በኋላ በ1993 በስሙ የሚጠራው ሕግ ወጣ። መጀመሪያ የነበረው የአምስት ቀን መጠበቂያ ነው። የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር ግፊት አደረገና መጠበቂያው ጊዜያዊ እንዲሆን፣ ፈጣን ማጣሪያ ሲዘጋጅም እንዲቀር ተስማሙ። ፈጣኑ ማጣሪያ ኖቬምበር 30 ቀን 1998 ሥራ ጀመረ። መንግሥት «እያጣራሁ ነው» እያለ ዜጋን ለዘላለም እንዳያንከራትት ሦስት የሥራ ቀን ገደብ ተቀመጠ። ሐሳቡ ራሱ ክፉ አልነበረም። ቢሮ ያንከራተተው ሰው ይገባዋል።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ

አሁን ወደዚያ ሳምንት እንመለስ። ሰኞ ኤፕሪል 13 ጉዳዩ ለአንዲት አጣሪ ተሰጠ። መዝገቡን ከፈተች። ከስድስት ሳምንት በፊት ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ተይዞ እንደነበር አየች። መያዝ ብቻውን አያስከለክልም። ስለዚህ ሁለት ነገር ማወቅ ነበረባት፦ ተፈርዶበታል ወይ? ካልተፈረደበትስ የፖሊሱ ሪፖርት ዕፅ ተጠቃሚ መሆኑን ያሳያል ወይ?

ሪፖርቱ ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን ልጁ ኮሎምቢያ ከተማ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሲንጎራደድ ሠራተኞቹ ጠረጠሩት፤ ፖሊስ ተጠራ። ኪሱ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የያዘው ሳቦክሶን የሚባል መድኃኒት ተገኘበት። ሳቦክሶን የኦፒዮይድ ሱሰኞች የሚታከሙበት መድኃኒት ነው፤ በመንገድ ላይም ይሸጣል። ዕፁን መያዙን ራሱ ለፖሊሱ አምኗል። ይህ ሁሉ የኮሎምቢያ ፖሊስ ሪፖርት ላይ ሰፍሯል።

አጣሪዋ ግን ሪፖርቱን አላገኘችውም። ለምን እንዳላገኘችው ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ መዝገቡ ራሱ ስሕተት ነበረው። ያሰረው የኮሎምቢያ ከተማ ፖሊስ ሆኖ ሳለ መዝገቡ «ያሰረው የሌክሲንግተን ካውንቲ ሸሪፍ ነው» ይላል። ልጁ የገባው የካውንቲው እስር ቤት ስለነበር መረጃውን ያስገባው ሰው ተሳሳተ። ቀላል ክስ የነበረውም ከባድ ወንጀል ተብሎ ገባ። እስር ቤቱ በሁለተኛው ቀን ስሕተቱን አየውና የራሱን መዝገብ አረመ። የግዛቲቱ መዝገብ ላይ ግን እርማቱ አልደረሰም። ኤፍቢአይ የሚያየው ያንን ያልታረመውን ነው።

አጣሪዋ ለሸሪፉ ቢሮ ፋክስ ላከች። ለካውንቲው ዐቃቤ ሕግም ላከች። ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ዝም አለ። የሸሪፉ ቢሮ መለሰ፦ ጉዳዩ የእኛ አይደለም፣ የኮሎምቢያን ፖሊስ ጠይቁ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። መልሱ ተገኝቷል እኮ። ትክክለኛው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ስም በጽሑፍ እጇ ላይ ገብቷል። የቀረው አንድ ፋክስ ነው።

ማዕከሉ በየካውንቲው የትኛውን ፖሊስ ማነጋገር እንዳለበት የሚያሳይ የአድራሻ ዝርዝር አለው። አጣሪዋ የሌክሲንግተን ካውንቲን ገጽ አወጣች። ኮሎምቢያ እዚያ የለችም። ኮሎምቢያ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ናት፤ አብዛኛው ክፍሏ ያለው ሪችላንድ በሚባል ካውንቲ ውስጥ ስለሆነ የተመዘገበችው በሪችላንድ ገጽ ላይ ነው። ከከተማዋ ትንሽ ቁራጭ ግን ወደ ሌክሲንግተን ትሻገራለች። ልጁ የተያዘበት የገበያ ማዕከል ድንበሩ ላይ ነው። አዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው፣ ቦሌና የካ ድንበር ላይ ያለ ቤት ጉዳይ እንደማለት ነው። አንዱ ክፍለ ከተማ «የእኛ አይደለም» ይላል፣ የሌላው መዝገብ ውስጥ ደግሞ ማንም አይፈልግም።

በሌክሲንግተን ገጽ ላይ ያለችው ዌስት ኮሎምቢያ ናት። ዌስት ኮሎምቢያ ኮሎምቢያ አይደለችም። ኮንጋሪ በሚባል ወንዝ ማዶ ያለች፣ የራሷ አስተዳደርና የራሷ ፖሊስ ያላት ሌላ ከተማ ናት። አጣሪዋ ለዌስት ኮሎምቢያ ፖሊስ ላከች። እነሱም እውነታቸውን ነው፣ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም» አሏት።

ገጹ ቢገለጥ ኖሮ የሪችላንድ ዝርዝር ነበር። ኮሎምቢያም እዚያ ነበረች።

እኔ አጣሪዋን ብቻዋን መውቀስ አልችልም። በ2015 በመላ አገሪቱ ከ23 ሚሊዮን በላይ ማጣሪያዎች ተጠይቀዋል። አንድ አጣሪ ጠረጴዛ ላይ የሚከመረውን አስቡት። አንዱን ፋይል ስትዘጋ ሌላው ይከፈታል። የእያንዳንዱ ፋይል ሰዓት ደግሞ ለብቻው ይቆጥራል። ቢሆንም ሰው ስም ጠርቶ «እነ እገሌን ጠይቁ» ሲል፣ እነ እገሌ ሳይጠየቁ መቅረታቸው ውስጥን ያማል።

ሰኞ አለፈ፤ ማክሰኞም፣ ረቡዕም አለፉ። ሐሙስ ፋይሉ አሁንም «በማጣራት ላይ» ይላል። ነጋዴው ሕጉ የሰጠውን መብት ተጠቅሞ ሽጉጡን አስረከበ። ማጣሪያው ከዚያ በኋላም መቀጠል ይችል ነበር፤ በኋላ «ይከልከል» የሚል መልስ ከመጣ የፌዴራል ወኪሎች ሄደው መሣሪያውን ያስመልሳሉ። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር መሣሪያ እንዲህ መከልከል ለነበረበት ሰው ከተሰጠ በኋላ ነው ፍለጋ የሚወጣው። በዚህኛው ጉዳይ ግን ፍለጋም አልተወጣም።

ረቡዕ ማታ፣ ጁን 17

ኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ቻርለስተን ውስጥ ከሁለት መቶ ዓመት ያላነሰ ታሪክ ያለው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰዎቹ «እናት ኢማኑኤል» ይሉታል። በባርነት ዘመን ጥቁሮች ተሰብስበው እንዳያመልኩ ሲከለከሉ በድብቅ ያመለኩ ሰዎች ልጆች ናቸው።

ረቡዕ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አላቸው። ያን ማታ ደርዘን ያህል ሰው ነው የመጣው። እንግዳው ልጅ ገባ። ማንም ማን ነህ አላለውም። መጋቢው ክሌመንታ ፒንክኒ መጽሐፍ ቅዱስና የጥናቱን ወረቀት ሰጡት፤ አጠገባቸውም ተቀመጠ። ፒንክኒ የ41 ዓመት ሰው ናቸው፤ የግዛቲቱ ሴናተርም ነበሩ። የዕለቱ ጥናት ማርቆስ ምዕራፍ 4 ነበር፤ የዘሪው ምሳሌ። ልጁ ከአርባ ደቂቃ በላይ አብሯቸው ቆየ። ለመዝጊያ ጸሎት ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ተኮሰ።

ፒንክኒን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ትልቋ የ87 ዓመት እናት ነበሩ። ትንሹ 26 ዓመቱ ነው። አምስት ሰዎች ተረፉ፤ ከመካከላቸው ሕፃናት አሉ። ገዳዩ በማግስቱ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ተያዘ። በዲሴምበር 2016 በ33 ክሶች በሙሉ ጥፋተኛ ተባለ፤ በጃንዋሪ 2017 ሞት ተፈረደበት።

ጁላይ 10 ቀን የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚ ጋዜጠኞችን ጠርተው ነገሩን ራሳቸው ተናገሩ። ልጁ ይህን ሽጉጥ መግዛት አልነበረበትም አሉ። ሪፖርቱ ቢገኝ ኖሮ ሽያጩ ይከለከል ነበር። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጥቶ «ስሕተቱ የእኛም ነው» ማለቱን ቀላል ነገር አላደርገውም። ለሟች ቤተሰብ ግን ይህን መስማት ሁለተኛ ሐዘን ነው።

ሪፖርቱ የሚያስከለክለው በየትኛው ሕግ ነው? የፌዴራል ሕግ ከከባድ ወንጀለኞችና ከሌሎችም ጋር አንድ ሌላ ወገን ይከለክላል፦ ሕገ ወጥ የዕፅ ተጠቃሚ። መፈረድ አያስፈልገውም። ፎርም 4473 ላይም ጥያቄው በቀጥታ ተጽፏል። ተጠቃሚ ነኝ ያለ አይሸጥለትም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ሰዎች የሚነካ ነገር ስላለ ልናገረው። ጥያቄው ማሪዋናን በስም ይጠራል፤ ግዛትህ ቢፈቅድም በፌዴራል ሕግ አይፈቀድም ብሎ ያስጠነቅቃል። ቀጥሎ «አነቃቂ» የሚል ቃል አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች መደብ ውስጥ ነው። አገር ቤት በርጫ ማለት ከወዳጅ ጋር ቁጭ ብሎ መጫወት ነው፤ ብዙ ሰው ዕፅ ነው ብሎ አያስበውም። ፎርሙ ፊት ስትቆም ግን ሌላ ነገር ይሆናል። «አይ» ብሎ በሐሰት መፈረም ራሱ የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። ሱቅ ወይም ነዳጅ ማደያ ያላችሁና መሣሪያ ልትገዙ የምታስቡ ይህን ጥያቄ ሳታነቡ ምልክት አታድርጉ።

ፍርድ ቤቶቹ ያዩት

የሟች ቤተሰቦችና የተረፉት ሰዎች መንግሥትን ከሰሱ። በጁን 2018 የፌዴራል ዳኛው ሪቻርድ ገርጌል ክሱን ዘጉት። ሕጉ መንግሥትን እንዳይከሰስ ይከላከልለታል አሉ። ክሱን ቢዘጉም ውሳኔያቸው ላይ የማጣሪያውን አሠራር ክፉኛ ተቹት። ብዙ ሰው ያልሰማው ነገርም እዚያ ተጽፏል። ኤፍቢአይ ራሱ ሌላ ትልቅ የመረጃ ቋት አለው፤ በአገሪቱ ያሉ የፖሊስ ሪፖርቶች የሚሰባሰቡበት። የኮሎምቢያ ፖሊስ ሪፖርት እዚያ ውስጥ ነበር። የመሣሪያ አጣሪዎች ግን በራሱ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ያንን ቋት እንዳያዩ ተከልክለው ነበር።

ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ፣ የፋክሱ፣ የካውንቲው ገጽ፣ የወንዙ ማዶ ከተማ፣ ሁሉም ሰነዱ ሩቅ ያለ ያስመስለዋል። ሰነዱ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር።

ቤተሰቦቹ ይግባኝ አሉ። ኦገስት 30 ቀን 2019 የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የፍርድ ቤቱ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። መንግሥት ፖሊሲ በመምረጡ አይከሰስም። ሠራተኛዋ ግን መምረጥ የምትችለው ነገር አልነበረም፤ የተጻፈው መመሪያ ያሰረውን ፖሊስ ጠይቂ ይላል፣ እሷ አልጠየቀችም። መመሪያን አለመከተል ፖሊሲ አይደለም። የብሬዲ ሕግ ከክስ የሚጠብቀውም ሠራተኞቹን እንጂ መንግሥትን አይደለም። ክሱ ተከፈተ።

ኦክቶበር 28 ቀን 2021 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በ88 ሚሊዮን ዶላር መታረቁን አስታወቀ። ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ ከ6 እስከ 7.5 ሚሊዮን፣ ለእያንዳንዱ የተረፈ ሰው 5 ሚሊዮን ነው። ቁጥሩ በአጋጣሚ አልመጣም። 88 ነጭ ዘረኞች ለሂትለር ሰላምታ ምልክት አድርገው የሚጠቀሙበት ቁጥር ነው፤ ገዳዩም ቤተ ክርስቲያኑ የገባው 88 ጥይት ይዞ ነበር። የቤተሰቦቹ ጠበቃ ባካሪ ሴለርስ ቁጥሩን አስበውበት እንደመረጡት ተናግረዋል።

ከዚያ ወዲህ

ሜሪላንድ የሚኖሩ ዘመዶቼ ሽጉጥ መግዛት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ሲያማርሩ እሰማለሁ። እውነታቸውን ነው። እዚያ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ከመግዛትህ በፊት ከግዛቲቱ ፖሊስ ፈቃድ ታወጣለህ። አሻራ ትሰጣለህ፤ የአራት ሰዓት ሥልጠና ትወስዳለህ። ሕጉ በፍርድ ቤት ተሟግቶበት በ2024 ጸንቷል። የእኔ አስተያየት ይኸውና፦ የፈቃድና የማጣሪያ ትልቁ ልዩነት ሥልጠናው ወይም አሻራው አይደለም። ልዩነቱ ቢሮው ዝም ሲል የሚሆነው ነው። በፈቃድ አሠራር ቢሮው ዝም ካለ ወረቀቱ እጅህ አይገባም፤ ትናደዳለህ፣ ትመላለሳለህ፣ ትከሳለህ። በሦስት ቀኑ አሠራር ቢሮው ዝም ካለ መሣሪያው ይወጣል። የመጀመሪያው ወዳጄን ያንገላታዋል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ለሱም አዝናለሁ። በተዘረፈ ማግስት ጠብቅ መባል ቀላል አይደለም። ቢሆንም አንዱን ምረጥ ብባል ወዳጄ ሳምንት ይጠብቅ እላለሁ።

ኮንግረስ ቀኑን ለማራዘም ሞክሯል። የሳውዝ ካሮላይናው ተወካይ ጂም ክላይበርን ከፊት ሆነው የተሟገቱለት ረቂቅ ሦስቱን ቀን ወደ አሥር የሥራ ቀን የሚያሳድግ ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2019 በተወካዮች ምክር ቤት 228 ለ198 አለፈ። ማርች 11 ቀን 2021 ድጋሚ 219 ለ210 አለፈ። ሁለቱንም ጊዜ ሴኔቱ ላይ ቀረ።

በጁን 2022፣ ከዩቫልዲ የትምህርት ቤት ግድያ በኋላ፣ በስንት ዓመት የመጀመሪያ የሆነ የመሣሪያ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ አጣሪው ተጨማሪ የሚያጣራው ነገር ካገኘ ጊዜው እስከ አሥር የሥራ ቀን ይሄዳል። ብዙዎች ያኔ «የቻርለስተን ቀዳዳ ተደፈነ» ብለው ነበር፤ ቀዳዳ የሚሉት ያንን የሦስት ቀን ገደብ ነው። ሕጉን ያነበበ ግን ለማን እንደሆነ ያያል። አሥሩ ቀን የሚሠራው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ገዢ ነው።

የቻርለስተኑ ልጅ የተወለደው ኤፕሪል 3 ነው። ሱቁ የገባው ኤፕሪል 11፣ 21 ዓመት ሞልቶት ነው። የ2022ቱ ሕግ ያን ቅዳሜ ቢኖር ኖሮ እሱን አይመለከተውም ነበር። አጣሪዋ የሚኖራት ጊዜ ያው ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ነው።